የማይስተካከለው ቁጥር

ደሴ ላይ ክረምቱ ሲጠነክር ጉሙ ከጦሳ ይወርዳል፣ ኮብልስቶኑ ይረጥባል፣ እኛ ጋራዥ ደግሞ ከርብ ስቶን፣ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ፣ የመቱ መኪኖች ይበዛሉ። አብዛኛው ሰው ከርብ መምታትን እንደ አደጋ አይቆጥረውም። ላሜራ አልተጎዳ፣ መብራት አልተሰበረ፣ ሰው አልተነካ። «ጎማዋን ነው ትንሽ ያገኛት» ተብሎ ይታለፋል። ከሳምንት በኋላ መኪናው መሳብ ሲጀምር በቀጥታ የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ለክቶ ወደሚያስተካክለው አላይመንት ቤት ይኬዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ምን እንደታጠፈ ሳይታወቅ ማስተካከል ይጀመራል።

ባለፈው ክረምት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሮጌዋን ሞዴል ቪትዛቸውን ይዘው መጡ። ሸዋ በር አካባቢ ባጃጅ ድንገት ታጥፎባቸው ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ተንሸራታ የፊት ቀኝ ጎማዋ ከርቡን በጎን መትቷል። መሪው ተጣሞ ስለቀረ አንድ ቦታ ወስደው አላይመንት አሠሩ። መሪው ቀና። ወረቀትም ተሰጣቸው።

«ልጄ፣ ከተማ ውስጥ ብዙም አይታወቅም» አሉኝ። «ሐረጎ ላይ ፍሬን ስይዝ ግን ወደ ቀኝ ትወስደኛለች። አላይመንቱን ድገመው ብለው ላኩኝ።»

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ሐረጎ የሚባለው ይሄ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ ከፊት ደግሞ ጭኖ የሚወጣ ተሳቢ። መምህሩ ኮምቦልቻ ያለችውን ልጃቸውን ለማየት በየሳምንቱ ይወርዳሉ። ፍሬን ሲያዝ በራሷ አቅጣጫ የምትሄድ መኪና እዚያ መንገድ ላይ አትፈቀድም። ስለዚህ መኪናዋን እዚሁ እንዲተዉልን ለመንኳቸው።

ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የቶ መስመሮች ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ቶ ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ ነው። ዝቅ ብሎ ግን አንድ ቀይ መስመር አለ፦ የፊት ቀኝ ካምበር። የጎማው ወደ ጎን መዘንበል ማለት ነው።

«ይቺን ቀይዋን ምን አሉዎት?»

«ቪትዝ ላይ እሱ አይስተካከልም፣ ተወው አሉኝ።»

አነጋገሩ ትክክል ነው። ቪትዝ የፊት ካምበሯና ካስተሯ ከፋብሪካ ማስተካከያ ተሠርቶላቸው አልመጡም። ካስተር ማለት ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ ነው። ቶው ብቻ ነው ታይሮዱን፣ ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ በማዞር የሚስተካከለው። ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ማንም በመፍቻ ሊያዛባው የማይችል ቁጥር ከተዛባ፣ ያዛባው ብረት መታጠፉ ወይም ከቦታው መንቀሳቀሱ ነው። ያቺ ቀይ መስመር ከወረቀቱ ሁሉ በላይ መነበብ የነበረባት ናት። የማይስተካከል ስለሆነ ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር የለም፤ የማይስተካከል በመሆኑ ነው ምስክርነቱ የሚታመነው።

ቶውን አስተካክሎ መላክ የተሰበረ እግር ላይ የጫማ ክር እንደማጥበቅ ነው።

ሥራውን የጀመርነው ከቀላሉ ነው። የአራቱንም ጎማ ነፋስ ለካን። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ልናቀያይር ፈታናቸው፤ መሳቡ አቅጣጫ ከቀየረ ችግሩ የጎማ ነው ማለት ነው። ቀኙ ሲወጣ ከውስጥ በኩል፣ ከውጭ በማይታይበት ጎኑ ላይ፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አገኘን። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ይሄ ጎሚስታ ቤት የሚጠገን አይደለም። ስኮርታውን አስገብተን ነዳናት። አሁንም ወደ ቀኝ።

የተነሳውን ቸርኬ መልሰን አስረን በክሪክ አንስተን አሽከረከርነው። ካቻቪቴ ጫፉ ጋ አስጠግተን ስንይዝ ክፍተቱ እየሰፋ እየጠበበ ሄደ። ቸርኬውም ተጣሟል። መምህሩ በዚህ ጊዜ «በቃ ተገኘ!» ብለው ደስ አላቸው። ጎማና ቸርኬ ግን መሪ ያንቀጠቅጡ ይሆናል እንጂ ካምበርን በዚህ መጠን አያዛቡም። ገና ነን።

ቀጥሎ የማንም ጋራዥ አቅም የማይከብደው መለኪያ መጣ፣ ሜትር። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመን፣ መሪውን ቀጥ አድርገን፣ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል በሁለቱም ጎን ለካን። የዚች ሞዴል ከፋብሪካ ልኳ 2,370 ሚሊሜትር ነው። ግራው ልክ መጣ። ቀኙ 12 ሚሊሜትር ጎደለ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አላመነም፣ ሜትሩን ተቀብሎኝ ራሱ ለካ። ያው። የቀኝ ጎማዋ ወደ ኋላ ተገፍታለች።

ከሥር ገባን። መጀመሪያ ያየሁት ታይሮዶቹን ነው። በግራ በኩል ከዳዶው ውጭ የሚታየው ጥርስ ረዘም ያለ ነው። በቀኝ በኩል አጭር ሆኗል፤ ዳዶው ላይም የመፍቻ አዲስ ጭረት ያብለጨልጫል። ቶውን አረንጓዴ ለማድረግ ቀኙን ብቻ ብዙ አዙረውታል። ጤነኛ መኪና ላይ ሁለቱ ጥርሶች ይቀራረባሉ። እንዲህ ሲለያዩ አንደኛው በኩል የተሸፈነ ነገር አለ።

ከዚያ የታችኛው ብራቾ። ሎወር አርም የሚሉትም አሉ። ጎማውን ከሻንሲው ጋር ከታች የሚያያይዘው ክንድ ነው። ጭቃውን በብሩሽና በውሃ አጠብነው። ባትሪ አብርቼ ጣቴን ስሰድበት የኋላው ጎሚኒ፣ ክንዱ ሻንሲው ላይ የሚያዝበት ላስቲክ፣ አጠገብ ቀለሙ ተሸብሽቧል። ብረት ሲታጠፍ ቀለም አብሮት አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቆቹ መሀል ቀጭን ዝገት ገብቷል፤ ቀይ፣ አዲስ ዝገት። ሌላው ሰውነቷ ላይ ያለው ዝገት ጥቁር፣ የቆየ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የቅርብ ነው፣ የዚያ ቀን ከርብ ነው።

ሐረጎ ላይ ለምን ብቻ? ይሄን ያገኘነው በሌላ መንገድ ነው። ልጁ ፍሬን ረግጦ ማርሹን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ሲያስገባ እኔ ከጎን ሆኜ ጎማዋን አየሁ። ግራዋ ንቅንቅ አትልም። ቀኟ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትሄዳለች። የኋላው ጎሚኒ ተቀዷል። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነዳ ይህ ብዙም አይሰማም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጠንከር ብሎ ሲያዝ ግን ጎማዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ቶው ይለወጣል፣ መኪናዋ ትታጠፋለች። አላይመንት ማሽን ላይ መኪና ቆሞ ነው የሚለካው። ፍሬን ተይዞ ሲወረድ የሚሆነውን አያይም።

እኛ ማሽን የለንም። የምንተማመንበት ሰው ጋ ወስደን ሙሉውን ንባብ አስወጣን። ካምበር ግራ ከዜሮ በታች 0.4 ዲግሪ፣ ቀኝ ከዜሮ በላይ 0.9። ካስተር ግራ 1.9፣ ቀኝ 0.8። ኤስኤአይ የሚባል ሌላ ንባብም አለ። ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት የማይታይ ዘንግ ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት ልክ ነው። ግራው 10.2፣ ቀኙ 8.9። ብዙ ሰው ይሄን አይጠይቅም፤ ትልቁ ነገር ያለው ግን እሱ ጋ ነው። ካምበሩንና ኤስኤአዩን ደምሩ። በሁለቱም በኩል 9.8 ይመጣል። ድምሩ እኩል ከሆነ ሾካብዞርበሩና ጎማው የተሰካበት ናክል እርስ በርስ አልተጣመሙም፤ ሙሉው አካል ነው ከታች ወደ ውስጥ የገባው። ጣቱ ወደ ብራቾው ይጠቁማል። ድምሩ ቢለያይ ኖሮ ሾኩን ወይም ናክሉን እንፈትሽ ነበር። መኪና ደግሞ ካስተር ወደጎደለበትና ካምበር ወደበዛበት ጎን ትስባለች። ሁለቱም ቀኝ ናቸው።

የኋላውንም አየን። ከርብ የመታ መኪና የኋላ ጎማውም ተከትሎ ሊመታ ይችላል፣ የቪትዝ የኋላ ዘንግ ደግሞ ቢታጠፍ ማስተካከያ የለውም። ደግነቱ ደህና ነበር።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብራቾ መግዛት እንዳለባቸው ስነግራቸው መምህሩ ዝም አሉ። «ጡረተኛ ነኝ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «በእሳት አይቃናም?»

አብሮኝ የሚሠራውም ልጅ አዘነላቸው። «ጋሼ፣ እናቃናላቸውና በኋላ ይግዙ» አለኝ በጆሮዬ።

ሐሳቡ ከደግ ልብ ነው የመጣው። ብዙ ቦታም ይሠራል። ግን ይሄ ክንድ የተጨመቀ ላሜራ ነው። አንዴ ታጥፏል። እሳት ሲነካው ጥንካሬው ይለወጣል፤ ሲቀጠቀጥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊገባው ይችላል። ሙቀቱ ክንዱን ከጎማው ጋር ወደሚያገናኘው ቦልጆይንት ሲደርስ ላስቲኩ ይቃጠላል፣ ግራሱ ይደርቃል። ቅርጹ ቢመለስ እንኳ በሚቀጥለው ጉድጓድ ተመልሶ ይታጠፋል ወይም ይቆረጣል። ክንዱ ሲቆረጥ ጎማዋ ትወድቃለች፣ መሪው አይታዘዝም።

«መምህር» አልኳቸው፣ «ገንዘቡን ከሌላ ነገር እንቀንሳለን። ቸርኬውን ያገለገለ እንፈልጋለን። የእጅ ዋጋውን ቀስ ብለው ይከፍሉናል። ብራቾው ግን በእሳት አይሆንም። ሐረጎን የሚወርዱት እርስዎ ነዎት።»

«አብሽር፣ እንደምታውቀው አድርግ» አሉ።

ብራቾው በማግስቱ ተገኘ። ከመግጠማችን በፊት አሮጌውን ፈትተን ጠረጴዛ ላይ አዲሱ ላይ አስተኛነው። የጎሚኒዎቹን ቀዳዳ ስናገጥም የቦልጆይንቱ ጫፍ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ተለያየ። መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አልተናገሩም።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ልንገራችሁ፣ ብዙ ቦታ ይዘለላልና። የብራቾው ቡሎኖች መኪናው በክሪክ ተነስቶ እንዳለ ለመጨረሻ አይጠበቁም። ጎሚኒው እንደተንጠለጠለ ከተጠበቀ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ልክ እስኪይዙ አጥብቆ፣ መኪናውን በጎማው አቁሞ፣ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው መጨረስ።

ከዚያ በኋላ አላይመንት ተሠራ። ካምበሩ ሳንነካው ወደ ቦታው ተመለሰ። ታይሮዱ ወደ ነበረበት ሲዞር የሁለቱ በኩል ጥርስ እኩል መጣ። ሐረጎ ወረድን፣ መምህሩ ራሳቸው እየነዱ። ባዶ ቦታ ላይ ፍሬን ያዙ አልኳቸው፣ መሪውን ላላ አድርገው። ቀጥ አለች። ኮምቦልቻ ደርሰን ልጃቸው ቤት ቡና ሳንጠጣ አልተመለስንም።

የታጠፈውን ብራቾ ልጁ ለቁራሌው ሊሰጠው አዘጋጅቶት ነበር። አስቆምኩት። ሙሉውን ከሄደ አንዱ አቃንቶት፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶት፣ ያገለገለ ዕቃ ብሎ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። ሞርሳ ላይ አስረን በግራይንደር ለሁለት ቆረጥነው። የተቀየረ ብራቾ ሁሉ አሁን ከእኛ ጋራዥ የሚወጣው እንደዚያ ተቆርጦ ነው።