የድሮውን ሃዲድ ተከትሎ እስከ አዋሽ፦ ጣቢያዎቹን ያገኘሁበት መንገድ

ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ያሉትን የድሮ ባቡር ጣቢያዎች ለማየት ስነሳ መጀመሪያ የተውኩት የፍጥነት መንገዱን ነው። እሱ ከተሞቹን በዳር ስለሚያልፍ ባቡሩ የቆረቆራቸው ሰፈሮች አይታዩም። በአቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ በአሮጌው አስፋልት ሄድኩ፤ ከዚያ በወለንጪቲና መተሃራ አድርጌ አዋሽ ደረስኩ።

ከመነሳቴ በፊት የሳተላይት ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ስልኬ ላይ አወረድኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በአካባቢው ሁለት የባቡር መስመር አለ። አዲሱ ከፍ ባለ አፈር ድልድል ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሽቦም አለው። የድሮው ዝቅ ያለ ነው፣ ሽቦ የለውም፣ ኮረብታ ሲያጋጥመው ይጠመዘዛል። ከተጠራጠሩ ሜትር ያውጡ። በሁለቱ ሃዲዶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለው ስፋት በድሮው 1,000 ሚሊ ሜትር፣ በአዲሱ 1,435 ነው።

«የድሮ ሕንፃ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ወይም የጣሊያን ቤት ያሳያል። «አባባ፣ ባቡሩ የት ይቆም ነበር?» ሲባሉ ግን አዛውንቶች እስከ ቦታው ይሸኛሉ። ሕንፃው ፈርሶም ቢሆን የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ ስለማይንቀሳቀስ ቀድሞ የሚፈለገው የውሃ ጋኑ ነው። ጋኑ ከተወሰደ የቆመበት የድንጋይ መሠረት ይቀራል። አንዱ ሃዲድ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ የሚሰፋበት ሜዳም ባቡሮች የሚተላለፉበት ጣቢያ እንደነበረ ይመሰክራል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ የዕድሜ ነገር ነው። በሃዲዱ ወገብ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ጎልቶ የተቀረጸ ጽሑፍ ይገኛል፦ የፋብሪካው ስምና ዓመቱ። በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ፊደሉን ይበላዋል። እኔ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራገፍኩ፣ ከዚያ ባትሪ ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጌ አበራሁ፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ቀትር ላይ ምንም አይነበብም። ዓመቱ ግን የብረቱ እንጂ የሕንፃው አይደለም። ሃዲድ ከአንድ ቦታ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይነጠፋል፣ ያረጀውም የአጥር ቋሚና የጣሪያ ተሸካሚ ይሆናል። መስመሩና ሕንፃውም እኩያ ላይሆኑ ይችላሉ፦ ሥራው ከጅቡቲ በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ፤ የአዲስ አበባው ጣቢያ የለገሃር ሕንፃ የተጠናቀቀው ግን በ1929 ነው። ስለዚህ የሃዲዱን ዓመት በሕንፃው ላይ አልለጥፍም፤ ሌላ ማስረጃ እፈልጋለሁ። ለምሳሌ የጣሪያው ብረት በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚደፈጠጥ የብረት ችንካር) ተመትቶ የተያያዘ ከሆነ ብየዳ ከመስፋፋቱ በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ ብየዳ ከታየ ወይ የኋላ ሥራ ነው ወይ ጥገና። ዓመተ ምሕረቱን ስጽፍ «እ.ኤ.አ.» ካልጨመርኩ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል፤ ከሰነድ ጋር ሲያስተያዩ ይህ ብዙ ያደናግራል።

ፎቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። በቀትር ቆርቆሮው ያንጸባርቅና በረንዳው ሥር ያለው በርና መስኮት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ሕንፃ አራቱን ጎን፣ አንድ ማዕዘን፣ አንድ የበር ዝርዝር፣ አጠገቡ 1 ሜትር ዘንግ አቁሜ አነሳለሁ። የግድግዳው ውፍረት በመስኮቱ በኩል ይለካል።

ተዘግተዋል የሚባሉት ጣቢያዎች ባዶ ላይሆኑ ይችላሉ። ሰው ይኖርባቸው ይሆናል፤ ደጃፍ ቆሞ ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማውጣት ነውርም ነው፣ ጠብም ያመጣል። ጥበቃ ካለ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዞ መሄድ ይበጃል። ድልድይና አዲሱ መስመር አጠገብ ካሜራ ከቦርሳ አይውጣ፣ መጀመሪያ ይጠየቅ። ውስጥ ሲገቡ ወፍራም ጫማ ያድርጉ፤ የበሰበሰ የእንጨት ወለል ከላይ ደህና ይመስላል። የተሰባበረ የኤተርኒት (የሲሚንቶ ክዳን) ጣሪያ አይነካም፣ አቧራው ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። የሌሊት ወፍ ኩስ የሞላበት ክፍልም ያለ ማስክ አይገባበትም።

አዋሽ ላይ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይያዝ። ባቡሩ በቀን ብቻ በሚጓዝበት ዘመን መንገደኛው እዚያ ያድር ስለነበር ጣቢያው አጠገብ ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ሆቴል ተሠራ፤ ሰፊ በረንዳው ለቆላው ሙቀት የታሰበ ነው። የአዋሽን ድልድይ ለማየት ወደ ገደሉ ዳር መሄድ ይበቃል። ድልድዩ ላይ መራመድ አልሞከርኩም፣ ማንም እንዲሞክር አልመክርም፦ መንገደኛ የሚይዘው መደገፊያ የለውም፣ ከሥሩም ጥልቅ ገደል ነው።