አሸዋውን ከማርጠብ በፊት

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጌ ደውሎ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ሲጠይቀኝ፣ በግቢ ንጣፍ ድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት በአሸዋ ስሞላ መዋሌን ነገርኩት። «ለዚህ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርከው? አሸዋ መጥረግ ደግሞ ምን ዕውቀት ይጠይቃል?» አለኝ። በክፋት እንዳልጠየቀኝ አውቃለሁ፤ ሥራውን ስጀምር እኔም በልቤ የያዝኩት ይህንኑ ነበርና። ነገር ግን ያ ንቀት ያስከፈለኝን ስላስታወሰኝ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ።

ፖሊሜሪክ የሚባለው ይህ አሸዋ፣ ውሃ ሲነካው የሚያጣብቅ ደቃቅ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። በአግባቡ ከተሠራ ክፍተቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ዝናብ በቀላሉ አይሸረሽረውም፣ አረምና ጉንዳንም እንደልባቸው አይሆኑበትም። ችግሩ ዱቄቱ ክፍተቱን ከድንጋዩ ገጽ ለይቶ አለማወቁ ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ያረፈበት ላይ ይጣበቃል።

አሠሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በተወኝ ቀን አሸዋውን በመጥረጊያ እየገፋሁ ሞላሁ፣ በማሽን ጠቀጠቅሁ፣ የጎደለውን ደግሜ ሞላሁ፣ ከዚያም ቀኑ ሳይመሽብኝ ብዬ የውሃውን ጎማ ከፈትሁ። በማግስቱ ስመለስ ግቢው በሙሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ አልተቆጡኝም። ባዶውን ከረጢት ከቆሻሻ መጣያው አውጥተው ጀርባው ላይ ባለው መመሪያ አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉና፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ቃል በቃል እያቆሙ አነበቡልኝ፦ ውሃ ከመርጨትህ በፊት በድንጋዩ ላይ የቀረውን ብናኝ በአየር መንፊያ አስወግድ።

ቋንቋውን አነባለሁ፤ ያልቻልኩ መስሏቸው ነበር። የገጽታዬንና የአነጋገሬን ቃና ብቻ አይተው ማንበብ አይችልም ብለው መደምደማቸው ዛሬም ያመኛል፤ እንዲህ ያለው ችኩል ግምት በዚህ አገር ብዙዎቻችንን ያደማል። ሆኖም የምመልስላቸው ቃል አልነበረኝም፤ ምክንያቱም መመሪያውን በእርግጥ አላነበብሁትም ነበር። አሸዋ ነዋ! አሸዋ ምን ይነበባል? በእጅ የሚሠራን ሥራ ዕውቀት የሌለበት አድርጎ ማየትን ከአገር ቤት ይዤው መጥቻለሁ። በድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ብናኝ ገና ብዙ ሳይቆይ ስለነበር በሙቅ ውሃና በጠንካራ ብሩሽ ተንበርክኬ ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈግሁት፤ የሁለቱ ቀን ደመወዝም ቀረብኝ።

ስለዚህ ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በእጃችሁ የሚገባውን የዕቃ መመሪያ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ያልገባችሁንም ሳታፍሩ ጠይቁ። ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ወይም በቀጣዩ 24 ሰዓት ዝናብ ከተጠበቀ አሸዋውን አትክፈቱት፤ አሠሪ ቢያጣድፋችሁ እንኳ እንቢ በሉ፣ ሲበላሽ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁና። አሸዋውን ከድንጋዩ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አድርጉት። ውሃውን እንደ ካፊያ አድርጋችሁ፣ እያረፋችሁ በየተራ አርከፍክፉ፤ ሲበዛ ማጣበቂያውን አጥቦ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ሲያንስ ደግሞ ላዩ ብቻ ቅርፊት ሠርቶ ውስጡ ልል ይቀራል።

ዛሬ ሌሎች ያበላሹትን እንዳስተካክል የምጠራው እኔ ነኝ፤ በዚህም እኮራለሁ። ብናኙን በማሽን ካስወገድሁ በኋላም ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን በመዳፌ እዳብሰዋለሁ፤ መዳፌ ላይ አቧራ ካየሁ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ብትደርስም መንፊያውን እንደገና አነሣለሁ እንጂ ውሃ አልከፍትም።