ነፋስ ወደ ታች ይነፍሳል እንዴ?

ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ ውስጥ የዒላማ ሜዳውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሁለት የአየር ጠመንጃ አለን፤ አፈሙዛቸው ታጥፎ የሚጎርሱ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ የሚተኩሱ፣ ሁለቱም ባለ መነጽር። 25 ሜትር ላይ ጣሳ ይደረደራል፣ እንግዳ አምስት ፍሬ ይገዛል፣ ይተኩሳል። ሁለት ዓመት ያለ ጭቅጭቅ ሠርቼበታለሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአፌ ስለወጣች አንዲት ውሸት ነው።

ጥር ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ሥራ አስኪያጃችን "25 ሜትር ሰው ሰለቸው" ብሎ 50 ሜትር ላይ ሌላ መደርደሪያ አስተከለ። ከዚያ ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ በሦስት ጥይት ለጣለ የመንዝ በግ ይሸለማል ተባለ፤ በጉም መጥቶ ሜዳው ጥግ ታሰረ። እኔ የሰማሁት ዓርብ ማታ ነው።

"ጋሼ፣ ጠዋቱን ብቻ ይስጡኝ። ወረቀት ሰቅዬ 50 ላይ ልሞክረው" አልኩ።

"ምኑን ነው የምትሞክረው? 25 ላይ እየመታ አይደለም?"

"እየመታ ነው። ግን 50 ላይ ይወርዳል።"

"አንተ ልጅ፣ እኔ መንዝ ነው ያደግኩት። ክላሽ 50 ሜትር ላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። በከንቱ ጥይት አታባክን።"

ያ ንግግር ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፤ ምክንያቱም ስለ ክላሽ የተናገረው ልክ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ የምትወጣው በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ነው። 50 ሜትርን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለች፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ የምትወርደው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። የእኛዋ እርሳስ ግን ግማሽ ግራም ብትሆን ነው፤ ፍጥነቷም የዚያን ሲሶ አይዘልም፣ እየሄደችም ትደክማለች። 50 ሜትር ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ይፈጅባታል። ሩብ ሰከንድ ደግሞ ለሚወድቅ ነገር ረጅም ጊዜ ነው፤ ከእጅ ያመለጠ ድንጋይ እንኳ በሩብ ሰከንድ 30 ሳንቲሜትር ይወርዳል። አፈሙዙ ከመነጽሩ አንጻር ትንሽ ቀና ብሎ ስለሚታሰር ከፊሉ ይካካሳል፤ ሁሉም ግን አይካካስም። በአገራችን ጠመንጃ የማያውቅ ሰው የለም። ለእኔ ሥራ ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ ሁሉም በሚያውቀው ጠመንጃ ልክ ነው የሚናገረው።

ይህን ሁሉ ዓርብ ማታ አላስረዳሁትም። "እሺ ጋሼ" ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከአዲስ አበባ አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ መጣ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ነበረች፤ 25 ላይ አምስቱንም ጣለች። አያያዟ የሚያስደስት ነበር፦ ሰደፉን አትጨቁነውም፣ ትንፋሿን ግማሽ ለቃ ታቆማለች፣ ቃታውን ሳትነጥቅ ትስባለች። ከእሷ በፊት አራት ሰዎች 50 ላይ ሞክረው ስተዋል። እሷ ስትነሳ ሁሉም በጉ የእሷ ነው ብሎ ከበባት።

ሦስቱንም ሳተች። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ከጣሳው ሥር ካለው ሳንቃ "ጧ" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከእንግዶቹ አንዱ "በጉን ላለመስጠት ጠመንጃውን አጣምመውታል!" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ገንዘባችን ይመለስ አሉ። ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ "መነጽሩን የሚነካካው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት" አለ።

ሴትዮዋ ጠመንጃውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። አልተቆጣችም። "ወንድሜ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

"አልተሞከረም" ማለት እችል ነበር። "50 ላይ ይወርዳል፣ ከጣሳው በላይ አነጣጥሪ" ማለትም እችል ነበር፤ አንድ ሦስት ፍሬ ብጨምርላት በጉን ይዛ ትሄድ ነበር። አለቃዬ ግን ጀርባዬ ላይ ቆሟል።

"ነፋሱ ነው እህቴ" አልኳት።

ነፋስስ ነበረ፤ የደብረ ብርሃን የከሰዓት ነፋስ መቼ ይታጣል። ከሜዳው ጎን ያሉትን ባሕር ዛፎች አየች፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለዋል። ከዚያ ጣሳውን አየች፣ ከዚያም እኔን።

"ነፋስ ወደ ታች ይነፍሳል እንዴ?"

ጠመንጃውን አስረክባኝ ሄደች። ለእንግዶቹ የተመለሰው ገንዘብ ከደሞዜ ተቆረጠ፤ እሱን ግን እንደዚህች ጥያቄ አልቆጠርኩትም።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ፣ ነፋሱም ሳይነሳ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ እያለ ሄድኩ። መጀመሪያ የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖች ፈተሽኩ። እንደ እኛ ያለ፣ ሞላ ፒስተን ገፍቶ አየር የሚጨምቅበት ጠመንጃ ሲተኩስ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚመታ ብሎን ያላላል። ጠብቀው ነበር። ከዚያ ሳንቃውን አየሁ። የላላ መነጽር ምልክቱን ይበትናል፤ የሴትዮዋ ሦስት ምልክቶች ግን ተጠጋግተው፣ ከጣሳው መሐል ቀጥ ብለው ወደ ታች ነበሩ። ወረቀት ሰቅዬ በራሴ ጥይት ተኮስኩ፦ 40 ሜትር ላይ 6 ሳንቲሜትር፣ 50 ላይ 14 ሳንቲሜትር ወረደ። በመጨረሻዎቹ አሥር ሜትሮች ብቻ ስምንት ሳንቲሜትር! ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ውድቀቱ ከአራት እጥፍ ያልፋል።

የእኛ መነጽር ማዞሪያ አንዷ ጠቅታ ምቱን 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 50 ላይ የዚያን ግማሽ ታነሳለች። የላይኛውን ማዞሪያ 39 ጠቅታ ስከፍተው ጣሳው ወደቀ። በዚያው ልክ 25 ላይ ብተኩስ ግን 7 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ አንዱን ጠመንጃ ለቅርቡ፣ አንዱን ለሩቁ መደብኩ። ከጥይት ጋር የሚመጣ ሠንጠረዥ እዚህ አይሠራም። ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፤ ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ስለሚያንስ ጥይቷ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት አትወጣም፣ በመንገዷ የሚገታት አየር ደግሞ ያንሳል። እዚሁ ሜዳ ላይ፣ በዚሁ ጠመንጃ፣ በወረቀት መሞከር ብቻ ነው ያለው፤ ዓርብ የለመንኩት ጠዋትም ለዚሁ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ሳንቃውን አሳየሁት። "ጋሼ፣ ይኸው፤ ልጅቷ አልሳተችም። ያነጣጠረችበት ቦታ ላይ ነው፣ 14 ሳንቲሜትር ወርዶ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱም ነካው። ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ነውና እንደገባው ከፊቱ አወቅኩ።

"ቀለም ቀባው" አለኝና ሄደ።

አልቀባሁትም። ሌላ ሳንቃ ገዝቼ ተከልኩና ያንን ወደ ቤቴ ወሰድኩት፤ ከበሩ ኋላ ቆሟል። የሴትዮዋን ሦስት ምልክቶች በእርሳስ ከብቤያቸዋለሁ። አንድ የቡና ሲኒ ብደፋባቸው ሦስቱም ይሸፈናሉ።