ከፈተናው በፊት የተለጠፈው ፈተና

ትናንት ማታ ታናሽ እህቴ «1,500 ብር አበድረኝ» አለችኝ። ለምን ስላት ዝም። ትንሽ ቆይታ ስልኳን አቀበለችኝ። የቴሌግራም ቻናል ነው። «የ12ኛ ክፍል ፈተና ከነመልሱ፣ መቶ ፐርሰንት» ይላል። ብሩን በቴሌብር ከላከች ዝግ ግሩፕ ውስጥ ያስገቧታል።

ልቆጣት ነበር። ግን በየትኛው አፌ?

ግንቦት 2008 እኔም ተፈታኝ ነበርኩ። የእንግሊዝኛው ፈተና ፌስቡክ ላይ ወጣ ሲባል ሳላጣራ ላገኘሁት ሁሉ ልኬያለሁ። ወሬው እውነት ሆነና ፈተናው ተሰረዘ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ሐምሌ ላይ እንደገና ተቀመጠ፤ ያን ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያውም ተዘጋ።

«በ2008 ወጥቶ የለ እንዴ?» አለችኝ እህቴ። ያኔ እሷ ሁለተኛ ክፍል ነበረች! ለካ የቻናሉ ባለቤት የሚነግደው በዚያችው እውነት ነው።

ፍርሃቷ ይገባኛል። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የማያውቅ ተማሪ የለም።

«ደግሞ ማስረጃ አለው» አለች። የአምናው ጥያቄ ፎቶ ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት ተለጥፏል። እውነትም ቀኑ እንደዚያ ይላል። ከሰዓቱ አጠገብ ግን «ኤዲትድ» (ከተለጠፈ በኋላ ተቀይሯል) የምትል ደቃቅ ጽሑፍ አለች። እሷን ማን ያያል?

ክርክሩን ተውኩና ቻናል ከፈትኩ። የቡና ስኒ ፎቶ ለጠፍኩ። ዛሬ ጠዋት ስኒውን አንስቼ የዛሬውን ቁርሳችንን ፎቶ ተካሁበት። ቀኑ የትናንት፣ እንቁላሉ የዛሬ። ስልኩን ነጥቃኝ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ተናደደች።

ለሌሎቹም እዚያው ሰውዬው ቻናል ላይ ልትጽፍላቸው ፈልጋ ነበር፤ ኮሜንቱ ግን ዝግ ነው። ይሄ ራሱ ቀድሞ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ።

ስክሪንሹቱን ለክፍሏ ግሩፕ ላከችው። ቁርሳችንን ሳንጨርስ አንዷ ጓደኛዋ መለሰች፦ «እኔ እኮ ትናንት ከፍያለሁ።»