ላሞቹ በየት በኩል ይገባሉ?

ትናንት ዝናቡ ትንሽ ሲያባራልኝ ሴንት ፋገንስ ሄድኩ። ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም፣ መግቢያውም ነፃ ነው። እዚህ አገር ነፃ ነገር ከተገኘ ደግሞ አይታለፍም። በፈረንጆች 1948 የተከፈተ ሙዚየም ነው፤ ሙዚየም ስላችሁ ግን መስታወት ውስጥ የተደረደረ ዕቃ ብቻ አይምሰላችሁ። ከየገጠሩ አሮጌ ቤቶችን ድንጋይ በድንጋይ እያፈረሱ አምጥተው እንደገና የሠሩበት ሰፊ ግቢ ነው። ሌላ ጊዜ ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ሽታው ይይዘኝና እዚያው ቀርቼ እመለስ ነበር። ትናንት ግን አለፍኩትና ኪሌወንት የሚባለው ቤት ጋ ደረስኩ።

ኪሌወንት ከመካከለኛው ዌልስ፣ ከራያደር አካባቢ የመጣ የገበሬ ቤት ነው። መጀመሪያ የተሠራው 1470 አካባቢ ነው፤ በእኛ የአፄ በእደ ማርያም ዘመን መሆኑ ነው። ያኔ የእንጨት ቤት ነበር፣ በ1734 በድንጋይ ታደሰ። እንዲህ ያለውን ቤት በዌልሽ ቲ ሂር ይሉታል። ቲ ቤት፣ ሂር ረጅም። ርዝመቱ ታዲያ ለሰው ተብሎ አይደለም፣ አንደኛው ጫፍ የከብት ነው።

በሩ ረጅሙ ግድግዳ ላይ ነው። ሰውም ላምም በአንድ በር ይገባሉ፣ ከገቡ በኋላ ነው የሚለያዩት፤ ሰው ወደ ምድጃው፣ ከብት ወደ ጋጣው።

እዚያ ደፍ ላይ ቆሜ ሳቄ መጣ። እኛ ቤትኮ እንደዚሁ ነበር። ጋይንት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ማታ ማታ ላሞቹ ጋጣ ውስጥ ሲያመሰኩ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል፣ እኔ መደብ ላይ ተኝቼ ድምፃቸውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለትምህርት ከተማ ስገባ ግን አንዷ ልጅ ሹራቤን አሽትታ «ከጥጃ ጋር ነው እንዴ የምታድሪው?» አለችኝ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ምን እንደሚመስል ለማንም አውርቼ አላውቅም። ለባሌ እንኳን በወጉ አልነገርኩትም።

ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩላት። «እማዬ፣ እዚህም ሰውና ከብት አንድ ቤት ያድሩ ነበር» ስላት መደነቅ የለ ምን የለ፣ «ሽንቱ በየት ይወጣል?» አለችኝ። ሰው ስለ ታሪክ ሲያወራ እሷ ስለ ሽንት!

ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ የሚመረጠው ተዳፋት መሬት ነው። ቤቱ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ አግድም አይተኛም፣ ቁልቁል ነው የሚዘረጋው። ሰውና ምድጃው ከላይ፣ ከብቱ ከታች። እንዲያ ከሆነ እዳሪው በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ይወርዳል፣ ወደ ምድጃው አይመጣም። በሩና መተላለፊያው ከሁለቱ መሀል ይሆናሉ፤ በአንዳንዱ ቤት በዚያው መተላለፊያ ቆመው ነው ለከብቱ ድርቆሽ የሚሰጡት፣ በዚያ ዝናብና ጭቃ ማታ ማታ ወደ ውጭ መውጣት ቀረ ማለት ነው። ቀያሽ መሐንዲስ የለ፣ ፕላን የለ፣ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ገበሬ ብቻ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ከሰሜን የመጣ ሌላ ቤት አለ፣ ሄንድረር ኧዊዝ ኢኻቭ ይባላል (ዌልሾች «ኽ» አላቸው፣ መጀመሪያ ስሰማ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ)። የዛፉን ቀለበት ቆጥረው እንጨቱ በ1508 እንደተቆረጠ ደርሰውበታል። ይኼኛው ጭስ ማውጫም የለው፣ መስኮቱም መስታወት የለው፤ እሳቱ ወለሉ መሀል ይነዳል፣ ከብቱ እዚህም ከታች ነው። ጣራውን የተሸከሙት ጥንድ ጥንድ የሆኑ ጎባጣ የኦክ እንጨቶች ናቸው፣ ከመሬት ተነስተው አናት ላይ ይገናኛሉ። ግድግዳው ማገርና ጭቃ። እማዬ ምርጊቱን በስልክ አይታ «እጃቸው ጥሩ ነው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የሚያሳዝነኝ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ ጋጣቸውን ማጣታቸው ነው። ኑሮ ሲሻሻል ለከብቱ ለብቻው በር ይወጣለታል፣ ቀጥሎ ለብቻው ቤት ይሠራለታል፣ የድሮው ጋጣ ወጥ ቤት ወይ ዕቃ ቤት ይሆናል። ንጽሕናው ገብቶኛል። ግን ትንሽ እፍረትም ያለበት ይመስለኛል፣ ከራሴ ተነስቼ።

ወደ ኪሌወንት ተመለስኩ፣ እማዬ አልጠገበችም። «ስልኩን ዝቅ አድርጊው፣ ወለሉን ልየው» አለች። ጎንበስ ብዬ አሳየኋት። «ወደ በሩ አዙሪው። እሺ፣ አሁን ወደ ታች።» የሙዚየሙ ጠባቂ ደፉ ላይ ቆሞ እያየኝ ነው፣ እኔ ባዶ ጋጣ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ስልኬን ድንጋይ ለድንጋይ እየጎተትኩ፣ እሷ ደግሞ ከጋይንት «በደንብ አይታየኝም፣ ጠጋ አድርጊው እንጂ!» እያለች ትጮኻለች።