ለገና፣ ከኤሎራ ፎቶዎች ጋር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ቃል የገባሁላችሁን የህንድ ፎቶዎች ይኸው ለበዓሉ አደረስኩ። ታጅ ማሃልን ሁላችሁም ስለምታውቁት ብዙ አልቆይበትም። ውብ ነው፤ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ያምራል። ልቤ የቀረው ግን በምዕራብ ህንድ፣ ማሃራሽትራ በሚባለው ግዛት ውስጥ፣ ኤሎራ ላይ ነው።

ኤሎራ የቡድሃ፣ የሂንዱና የጃይን እምነት ተከታዮች አንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን ቤተ መቅደስ የፈለፈሉበት ቦታ ነው። ቁጥር የተሰጣቸው 34 ናቸው። 16ኛው ካይላሳ ይባላል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ የወጣ ሙሉ ቤተ መቅደስ ነው። ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሳሁት ከአፋፉ ላይ ሆኜ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ሲቆም ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅታችሁም። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቁልቁል እንደማየት ነው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለቴ አይደለም። በመካከላቸው 400 ዓመት ገደማ አለ፤ እምነቱም ጥበቡም የየራሱ ነው። እኔን የነካኝ ድፍረቱ ነው። ግንብ ቢሳሳት ይፈርስና እንደገና ይሠራል። አለት ላይ ግን አንዴ የተነሳ ተነሳ፤ መመለሻ የለውም።

ሁለተኛውን ፎቶ እስቲ አጉልታችሁ እዩት። ከበስተጀርባ ያለው ገደል ላይ የመሮው ጭረት እስካሁን ይታያል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ረድፍ በረድፍ። ከስር ደግሞ መቅደሱን በጀርባቸው የተሸከሙ የሚመስሉ ዝሆኖች አሉ። ኩምቢያቸው የተሰበረ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። እኔ እዚያ ግማሽ ቀን ቆየሁ። አብሮኝ የነበረው ሾፌር ሦስት ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ጠበቀኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። ለጿሚ ህንድን የመሰለ አገር የለም ብል አላጋነንኩም። ሥጋ የማይበላው ሰው ብዙ ስለሆነ ምግብ ቤቱ ሁሉ በአትክልትና በጥራጥሬ የተሞላ ነው። ቅቤና ወተት እንዳይገባበት ግን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ሻዩ ራሱ በወተት ነው የሚፈላው። እዚያ አካባቢ ባክሪ የሚባል የማሽላ ቂጣ አለ። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በሚሠራ ጤቻ ይበላል። ዳጣ ለለመደ ሰው በጣም የሚስማማ ነገር ነው።

ከኤሎራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ኩልዳባድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሦስተኛው ፎቶ የዚያ ነው፤ ጉልላት ያለው የድንጋይ መቃብር። እዚህ ያረፈው የእኛው አገር ሰው ማሊክ አምባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በባግዳድ በኩል ህንድ ደረሰ። እስልምናን ተቀበለ፤ ወታደር ሆነ፤ የጦር መሪ ሆነ፤ በመጨረሻም የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ እስከሞተበት እስከ 1626 ድረስ አገር አስተዳደረ። ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ሊያሸንፈው ስላልቻለ፣ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። ያን ጊዜ አምባር በሕይወት ነበር!

እኔ ግን ከጦርነቱ ይልቅ ውሃው ነው የገረመኝ። አምባር እ.ኤ.አ. በ1610 ኺርኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ናት። ለሕዝቧም ከመሬት በታች የውሃ መስመር አዘረጋ። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ እናቱን አሰብኩ። ልጅሽ እዚያ ማዶ ከተማ ቆርቁሮ ሰው ውሃ ያጠጣል ብሎ የነገራት ሰው ነበር ብዬ አላስብም።

ለዚህ ነው ዘንድሮ ሰላምታዬ ቀድሞ ከቤታቸው ርቀው በዓሉን ለሚያሳልፉት የሚደርሰው። ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ፣ ዋሽንግተን የበዓሉን ሌሊት ሥራ ላይ ለምታሳልፉ ሁሉ፣ እናቶቻችሁ ድምፃችሁን ይስሙ። ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ላሊበላ ላላችሁት ደግሞ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ቦታ ላይ የገናው ዝማሬ ቤዛ ኩሉ ሲባል እኛንም አስቡን። ያሳለፋችሁት ዓመት ቀላል አልነበረም፤ ሰላሙን ያብዛላችሁ።

ፎቶዎቹን ለቤተሰብ አሳዩልኝ፤ በተለይ ላሊበላን ተሳልመው ለሚያውቁ አባቶችና እናቶች። ካይላሳን ሲያዩ ምን እንዳሉ ጻፉልኝ፤ መስማት እፈልጋለሁ። መልካም ገና!