«መስታወቱ የታል?»

ላስ ቬጋስ ውስጥ ቱሪስት አመላልሳለሁ። በአንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሾፌርም አስጎብኚም ነኝ። ደዋዩ አበሻ ከሆነ ደግሞ ስልኩን አንስቼ የምመዘግበው እኔው ነኝ። ይህ ገጠመኝ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ የሆነ ነው።

አንዲት እህት ደወለች። እናቷ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ከመመለሳቸው በፊት አሪዞና ግዛት ያለውን ትልቁን ሸለቆ፣ ግራንድ ካንየንን ልታሳያቸው ትፈልጋለች። ስንት ናችሁ አልኳት። አራት። መቼ? ቅዳሜ። እናቷን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ጨምራ ነገረችኝ። መዘገብኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ዕቅዱን ሠራሁ። ይህን የሥራዬን ክፍል ከልቤ እወደዋለሁ። ከቬጋስ እስከ ብሔራዊ ፓርኩ ደቡባዊ አፋፍ፣ ሳውዝ ሪም እስከሚባለው ድረስ፣ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይቆሙ ቢነዱ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በጥር ደግሞ ከቀኑ ላይ አንድ ሰዓት ይቀነሳል። አብዛኛው አሪዞና እንደ ሌላው የአሜሪካ ግዛት ሰዓቱን ወደፊትና ወደኋላ አያደርግም። ከማርች እስከ ኖቬምበር ከቬጋስ ጋር እኩል ነው። በቀሩት ወራት ግን በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ይህን የረሳ ሾፌር «በስድስት ሰዓት ደረስኩ» ሲል እዚያ ሰባት ሰዓት ሆኖ ይጠብቀዋል። በጥር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ11 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመነሳት ወሰንኩ።

አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በጥር በረዶ ይጥላል፤ ቁልቁል የሚወስዱት የእግር መንገዶችም ይንሸራተታሉ። ስለዚህ የእግር ጉዞውን ሰረዝኩት። መጀመሪያ ማዘር ፖይንት የሚባለው መመልከቻ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ በምሥራቅ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ነድተን በ1932 ወደተሠራው የዴዘርት ቪው የድንጋይ ማማ። ለእናትየው ብርድ ልብስ ያዝኩ። ሁሉን ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

በመንገዳችን ላይ ምንም እንከን አልነበረም። ልክ ባሰብኩት ሰዓት ደረስን። እናትየውን ክንዳቸውን ይዤ እስከ መከለያው ወሰድኳቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቀይ፣ ግራጫውና ቢጫው ድንጋይ ተደራርቦ፣ በየጫፉ በረዶ ተነጥፎበት፣ ከዓይን በላይ ይዘረጋል። ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ትንሽ አዩ። «የዓባይ በረሃን ይመስላል» አሉ። ደስ አለኝ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የወረደ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መስታወቱ የታል ልጄ?»

«የትኛው መስታወት እማማ?»

«በላዩ የሚቆሙበት ነዋ!»

ወዲያው ገባኝ፤ ሆዴን ባር ባር አለው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን አሳየችኝ። ገደል ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ፈረስ ጫማ የተጠማዘዘ፣ ወለሉ መስታወት የሆነ ድልድይ። ወራት ቀደም ብላ ለእናቷ የላከችው ይህንኑ ነበር። እሳቸውም ለማኅበርተኞቻቸው አሳይተው፣ «እዚህ ላይ ቆሜ ፎቶ ተነስቼ እመጣለሁ» ብለዋል።

ስካይዎክ ይባላል። በ2007 የተከፈተ ነው። እኛ ከቆምንበት ጋር ወንዙም (ኮሎራዶ ነው) ሸለቆውም አንድ ነው። ግን ግራንድ ካንየን በወንዙ ርዝመት ሲለካ 446 ኪሎ ሜትር ነው። መስታወቱ ያለው በምዕራብ በኩል፣ ሁዋላፓይ በሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መሬት ላይ ነው። ከብሔራዊ ፓርኩ ውጪ ስለሆነ የፓርኩ ቲኬት እዚያ አይሠራም። በጣም ያመመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ከቬጋስ ቢሄዱ ወደዚያ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። እኛ ከቆምንበት ግን በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይሆናል። ብንነሳ ቀኑ በመንገድ ላይ ያልቅብናል።

እውነቱን ነገርኳቸው። ልጅቷ ተናደደች። «እኔ እንኳ አንድ ቦታ መስሎኝ ነው፤ አንተ ግን ሥራህ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ስልክ ላይ ስንት ሰው እንደሆኑ ጠይቄያለሁ፤ ቀኑን ጠይቄያለሁ። እናቷ ምን አይተው እንደጓጉ ግን አልጠየቅኩም። ይቅርታ ጠየቅኳት። ቢሮው እንዲህ ነው፣ ስሙ ያደናግራል ብዬ ልከላከል አልፈለግኩም።

እናትየውን መኪና ውስጥ ካስቀመጥኳቸው በኋላ ሻይ ቀዳሁላቸውና፣ ከመስታወቱ የወደዱት ምኑን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ገደሉን ከእግሬ ሥር ማየት» አሉ። «ወንዙንም። እዚህ ወንዙ አይታየኝም።»

ይህን መልስ በስልክ ባገኘው ኖሮ! ያም ሆኖ አሁንም ጊዜ ነበረን። ማማውን ተውኩት። ወደ ምሥራቅ ከመሄድ ይልቅ በምዕራብ በኩል ወዳለው የኸርሚት መንገድ ዞርን። 11 ኪሎ ሜትር ያህል አፋፍ አፋፉን የሚሄድ መንገድ ነው። ከማርች እስከ ኖቬምበር ለግል መኪና ዝግ ስለሆነ ሰው በፓርኩ ነፃ አውቶቡስ ነው የሚመላለሰው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ግን በራስ መኪና ይገባል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየመመልከቻው መኪና ማቆም፣ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ማየት፣ ሲበርድ መመለስ ይቻላል።

መጀመሪያ አቢስ የሚባለው ቦታ ቆምን። እዚያ ግድግዳው ቀጥ ብሎ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። እናትየው መከለያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቁልቁል አዩ። «ወይኔ ጉዴ!» አሉና ክንዴን ያዙ። ግን ወደ ኋላ አላሉም።

ቀጥሎ ፒማ ፖይንት ሄድን። ከዚያ ኮሎራዶ ወንዝ በደንብ ይታያል። ጸጥ ባለ ቀን ደግሞ ድምፁ ይሰማል። በዚያ ወር ጎብኚ እምብዛም ስለሌለ ቦታው ጸጥ ብሏል፤ ሞተሩን አጠፋሁ። ሁላችንም ዝም አልን። መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው። «ስሙት፣ ስሙት» አሉ በሹክሹክታ። ከሩቅ፣ ከታች፣ እንደ ንፋስ ያለ ድምፅ። ልጅቷ እናቷን ከኋላ አቀፈቻቸው። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሆፒ ፖይንት ላይ ነበርን፤ ፎቶውን ያነሳሁላቸው እዚያ ነው።

መስታወቱን ግን ሳያዩ ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። በረራቸው ሰኞ ነበር። ይህ አሁንም ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ለሚደውልልኝ ሁሉ፣ ቦታ ከመመዝገቤ በፊት፣ «ልታየው የምትፈልገውን ቦታ ፎቶ ላክልኝ» እላለሁ። ደዋዩ ለሽማግሌ ወይም ለእንግዳ የሚመዘግብ ከሆነ እንግዳው ሊያየው የጓጓውን ቦታ ፎቶ ነው የምፈልገው፤ ደዋዩ የመረጠውን አይደለም። ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀል ልነግራችሁ አልችልም። መስታወት ከመጣ ምዕራብ ነው። ሰፊ፣ ድርብርብ፣ ማለቂያ የሌለው ገደል ከመጣ ሳውዝ ሪም። በጥር የሰሜኑ አፋፍ ፎቶ ከመጣ መንገዱ በበረዶ ዝግ ስለሆነ ሌላ ወር እመክራለሁ። ከሁለቱ አፋፎች አንዱን ምረጡ የምለውም በምክንያት ነው። በአየር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በመኪና ግን ዞሮ ለመድረስ አምስት ሰዓት ያህል ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድም ደውሎ «ግራንድ ካንየን፣ አንድ ቀን» አለኝ። ፎቶውን ላከ። ጠባብ፣ እንደ ጨርቅ የታጠፈ ቀይ ድንጋይ፣ ከላይ የፀሐይ ጨረር የወረደበት።

«ወንድሜ፣ ይሄ አንቴሎፕ ካንየን ነው» አልኩት። «ፔጅ ከተማ አጠገብ፣ በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ ነው። ያለ እነሱ አስጎብኚ አይገባም።»

ትንሽ ዝም አለ። «ሁለቱንም ማየት ብፈልግስ?»

ሁለት ቀን አድርገን ያዝነው።